መንግሥትን ዕድር ያስገቡት ሰው

የጋሽ ባልታን ሞት የሰማሁት ፀጉር አስተካካይ ቤት ተቀምጬ፣ ቀኝ ጉንጬ ተላጭቶ ግራው ገና አረፋ እንደለበሰ ነው። ወሬውን ያመጣው ሰው ወደ ውስጥ እንኳ አልገባም። አንገቱን ብቻ አስግጎ «ጋሽ ባልታ እኮ አረፉ፤ ቀብሩ አሁን ነው» ብሎ አለፈ። ፎጣውን ከአንገቴ ነቅዬ ወጣሁ። አስተካካዩ ከኋላዬ «ጋሼ! ግራው ቀርቷል!» እያለ ይጮሃል።

ቀብሩ ላይ በቀኜ የቆሙት ሰዎች ሠርግ የመጣሁ መሰላቸው፤ በግራዬ የቆሙት ደግሞ ጢሜን አይተው ከቤተሰቡ ይልቅ ለእኔ አዘኑ። አንዲት ሴት በግራ በኩል መጥታ እጄን ይዛ ስታጽናናኝ ቆየች። ላመሰግናት ዞር ስል ሌላውን ጉንጬን አየችና እጄን ለቀቀችው። ጋሽ ባልታ ይህን ቢያዩ ኖሮ እንደ ልማዳቸው ድምፅ ሳያሰሙ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ይስቁና መጨረሻ ላይ አንዲት «ህእ!» ያወጡ ነበር። ያቺን «ህእ» ለመስማት ስንት ጊዜ ራሴን ማላገጫ እንዳደረግኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ብዙ ጊዜ ግን ማድረግም አያስፈልገኝም ነበር፤ ተፈጥሮዬ ይበቃ ነበር።

የማታውቋቸው ትኖራላችሁና ላስተዋውቃችሁ። አቶ ባልታ አጠር፣ ሰፋ ያሉ ሰው ነበሩ። ካኪ ኮታቸው ከኪስ በስተቀር ሌላ ነገር ያለው አይመስልም፤ በየኪሱ ቆሎ አለ። የሚስዮን ትምህርት ቤት ልጅ ስለነበሩ አፋቸው ውስጥ ሁልጊዜ መዝሙር አለ፤ ቆሎና መዝሙሩ ሲጋጩ መዝሙሩን ነበር የሚያቋርጡት። በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ ውስጥ፣ ወላይታ ሶዶ ላይ የሕዝብ እርዳታ ጽሕፈት ቤት ተከፍቶ ነበር። የዚያ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። እኔ ደግሞ ጸሐፊ፣ ታይፕ መቺ፣ ካስፈለገም አስተርጓሚ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ከሰሜን ከመጡት ናቸው፤ እኔ ግን እዚያው ሶዶ ተወልጄ ወላይትኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጣላ ነው የተማርኩት። ስለዚህ ከሰላምታው ይልቅ ስድቡ ይቀናኝ ነበር።

ክራባት አስር ነበር። በዚያ ቢሮ ክራባት የሚያስር እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጋሽ ባልታ ግርማ የሚለውን ስሜን ትተው «ክራባቱ» ይሉኝ ነበር። «ክራባቱ ና»፣ «ክራባቱ ይህን ምታልኝ»። አንድ ቀን ሳላስር ብመጣ «ዛሬ ማን ልበልህ?» ብለው ተጨነቁ።

እርዳታ በዚያ ዘመን ከላይ ወደ ታች ነበር የሚወርደው። ሚኒስቴሩ ለጠቅላይ ግዛቱ ያዛል፣ ጠቅላይ ግዛቱ ለአውራጃው፣ አውራጃው ለወረዳው፣ ወረዳው ለጭቃ ሹሙ። ጥያቄው ደግሞ በዚያው መሰላል ከታች ወደ ላይ ይወጣል። መሐል መንገድ ላይ ይገናኙና ሳይተዋወቁ ይተላለፋሉ። ጋሽ ባልታ «መንግሥት ረጅም ሰው ነው» ይሉ ነበር። «ራሱ አዲስ አበባ፣ እግሩ ገሱባ። እግሩን እሾህ ሲወጋው ራሱ ‹ውይ› የሚለው በማግስቱ ነው፤ ያውም ደብዳቤ ከደረሰው።»

ግምጃ ቤታችን ውስጥ ብርድ ልብስ፣ የስንዴ ዱቄትና የወተት ዱቄት ተቆልሏል። የሚበሉት ግን አይጦች ብቻ ነበሩ፤ አይጥ ምስክር አይጠየቅማ! ሰው ይጠየቃል። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ አቅም ላጣ ሰው በየጊዜው እርዳታ የሚሰጠው፣ ረዳት ዘመድ የሌለው መሆኑ በሰፈሩ ሕዝብ ፊት ከተረጋገጠ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን ያወጣ ሰው መልካም ሰው ሳይሆን አይቀርም። ወላይታን ግን አያውቅም።

እኔም የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ።

አዮ ዳሞቴ የሚባሉ አሮጊት ከሶዶ ወደ ገሱባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ምሰሶዋ ተበልታ ወደ አንድ ጎን ባዘነበለች ጎጆ ውስጥ ይኖሩ ነበር። አዮ ማለት እናት ማለት ነው። ባላቸውም ልጆቻቸውም ሞተዋል፤ ዓይናቸውም ብርሃንና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ጋሽ ባልታ በበቅሏቸው፣ እኔ በእግሬ ሄድን። በቅሎዋ እኔን አትወድም ነበር፤ ከኋላ ስሄድ ትራገጣለች፣ ከፊት ስሄድ ኮቴን ትነክሳለች።

ጋሽ ባልታ ደጃፉ ላይ ወርደው ቁጢጥ አሉ። ይህ የእሳቸው አሠራር ነበር፤ ችግረኛ ፊት ቆመው ተናግረው አያውቁም። ሁለተኛውም አሠራራቸው ተከተለ።

«አዮ፣ ጠምቶኛል።»

አሮጊቷ እየዳሰሱ ገብተው በቅል ውሃ አመጡላቸው። ጠጡና ስለ ቦይናቸው፣ ማለት ስለ ጎደሬያቸው ጠየቁ፣ መቼ ቢተከል ይሻላል ብለው ምክር ለመኑ። ከአንድ ሰው ቤት አንድ ነገር ሳይቀበሉ የመንግሥትን ነገር አውጥተው አይሰጡም። በዚህ ምክንያት በአንድ ጠዋት ስንት ቁርስ እንደሚበሉ እግዜር ይወቀው። ኮቱም እሳቸውም የሰፉት ለዚህ ነው።

እኔ ግን ቆሜያለሁ። እርሳሴን አሹዬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በዚያ የጠብ ወላይትኛዬ ጠየቅኩ፦

«ረዳት ዘመድ አለዎት ወይስ የለዎትም?»

አዮ ዳሞቴ ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ምን አለ ይኼ?»

«ሰው አለዎት ወይ ነው የሚልዎት» አሉ ጋሽ ባልታ፣ ወደ መሬት እያዩ።

«ሰው የሌለው ማን ነው? ድንጋይ ነው። እኔን ድንጋይ አደረገኝ?»

ድምፃቸው ጎረቤት ደረሰ። ጎረቤት ደግሞ እዚያ አገር ለመምጣት ጫማ አይፈልግም። ወዲያው ግቢው ሞላ። አንዷ ሴት «ማን ነው ሰው የላትም ያለው? ውሃ የማመጣላት እኔ ምኗ ነኝ? ጅብ ነኝ?» አለችኝ። አንዱ ሰውዬ እንሰታቸውን የሚኮተኩተው እሱ መሆኑን ነገረኝ። ሌላው በአባቱ በኩል ጎሳቸው አንድ እንደሆነ ዘር ቆጥሮ አስረዳኝ፤ ቆጠራው የእኔንም ክራባት ሊያዛምድ ትንሽ ነው የቀረው። ሁሉም ሲያዩዋቸው የከሱ ናቸው። ከሚያካፍሏቸው ላይ የሚተርፋቸው ነገር እንደሌለ ልብሳቸው ይናገራል። ነገር ግን በሕዝብ ፊት «ይህች ሴት ሰው የላትም» ማለት እኛ ሰዎች አይደለንም ማለት ነው። ማን ይላል? ማንም አላለም።

ወደ በዴሳ ሄድን፤ ያው። ቢጠና ሄድን፤ እዚያማ አንዱ ዓይነ ስውር በዱላው አሳደደኝ፤ አቅጣጫዬን እንዴት እንዳወቀው እስከ ዛሬ አልገባኝም። ተመልሼ «በአውራጃው ረዳት የሌለው ሰው አልተገኘም» ብዬ መታሁ። ደስም ብሎኝ ነበር። ችግረኛ በሌለበት አገር የችግረኛ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ከመሆን የተሻለ ሥራ ካለ አሳዩኝ።

ጋሽ ባልታ ግን ለቀናት መዝሙር አላዜሙም። በመጨረሻ ቆሏቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉና «የታመመው ጥያቄው ነው» አሉኝ። «መንግሥት ያቺን ሴት ‹ሰዎችሽን ካጂና ዱቄት ልስጥሽ› ነው የሚላት። እሷ ዱቄቱን ትታ ሰዎቿን ያዘች። ሞኙ ማን ነው?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«መንግሥትን ከሰዎቿ አንዱ እናድርገዋ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ዕድር እናስገባዋለን።»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ኮታቸውን ቆልፈው በቅሏቸውን ጠሩ።

የሰፈሩ ዕድር የሚሰበሰበው ዱቡሻ ላይ ነበር፤ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት፣ ትልቅ ዛፍ ያለበት ሜዳ ነው። ዳኛው አቶ አንጁሎ የሚባሉ፣ ረጅም፣ ወታደር ሆነው አገር ያዩ፣ አማርኛ የሚችሉ ሰው ነበሩ። ጋሽ ባልታ ተነሥተው መንግሥት አባል ለመሆን እንደሚለምን ተናገሩ።

«የት ነው የሚኖረው?» አሉ አቶ አንጁሎ።

«አዲስ አበባ ነው። እዚህም መሬት አለው።»

«መሬት እንዳለውማ እናውቃለን» አለ አንዱ ከኋላ፤ ብዙ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለቅሶ ይመጣል?»

«ይመጣል።»

«ማን ሆኖ?»

ጋሽ ባልታ ወደ እኔ ጠቆሙ። ሕዝቡ ከጫማዬ ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ ክራባቴ ወጣ፤ ከክራባቴ ደግሞ ተስፋ ቆርጦ ወረደ።

«መንግሥት እንዲህ ቀጭን ነው እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ከልባቸው አዝነው።

«ቢሞትስ?» አለ ሌላው። «መንግሥት ቢሞት ሄደን የምንቀብረው እኛ ነን?»

ይህን ጊዜ ጥግ ላይ የተቀመጠው ጭቃ ሹም ሳል ያዘው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ እንኳን መመለስ መስማትም አያዋጣም። እኔ የትኛው መንገድ ቶሎ ወደ ሶዶ እንደሚያደርሰኝ ማየት ጀመርኩ። ጋሽ ባልታ ግን ቆሏቸውን ዋጥ አድርገው «እሱን ዕድሜ ይስጠው!» አሉ። «በእሱ ፈንታ እኔንና ይህን ክራባት ትቀብራላችሁ።»

ትከሻው ያልተንቀጠቀጠ ሰው አልነበረም። አቶ አንጁሎ ሳቁ ሲበርድ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ፈረዱ፦ «ይግባ። የሚገባው ግን እንደ ሰው ነው። ከቀረ ይወቀሳል፣ ካረፈደ ይቀጣል። ትልቅ ነኝ ብሎ ወንበር አይጠይቅም።»

እንዲህ ሆኖ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በእኔ በኩል መቃብር መቆፈር ጀመረ። አካፋ ይዤ አላውቅም ነበር። አፈሩን ወደ ውጭ የምወረውር መስሎኝ አብሮኝ ጉድጓድ ውስጥ ባለው ሰው አንገት ላይ እጨምረዋለሁ። «መንግሥት፣ ተው ቀስ በል፤ እኔ ገና አልሞትኩም» ይለኛል። ቢሮው ባዶ ሲሆን ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ብዬ፣ ብልህነት መስሎኝ፣ በሩ ላይ «መንግሥት ለቅሶ ሄዷል» የሚል ማስታወቂያ መትቼ ለጠፍኩ።

ነገሩ ግን ሠራ። አንድ አባል ሲቸግረው ዕድሩ ይቀመጣል። አንዱ እንሰት እሰጣለሁ ይላል፣ አንዱ ወተት፣ አንዱ ጉልበት። ተራው መንግሥት ጋ ሲደርስ ጋሽ ባልታ እንደ ሰዉ እጃቸውን አውጥተው «እኔ ዱቄትና ብርድ ልብስ» ይላሉ። «ሰው የለህም ወይ?» የሚል ጥያቄ የለ፣ ምስክር የለ። አዮ ዳሞቴም ዱቄታቸውን ከጎረቤት እንደሚቀበሉ ተቀበሉ፤ እንደ ጎረቤትም «ባለፈው የመጣው ይሻል ነበር» ብለው ወቀሱን። ግምጃ ቤታችን ጎደለ። አይጦቹም አዝነው ወደ ጎረቤት ቢሮ ተዛወሩ።

በልግ ላይ አንድ ቀን ከባድ ነፋስ መጣና ያቺን ያዘነበለች ጎጆ ጣላት። ደግነቱ አዮ ዳሞቴ ጎረቤት ሄደው ነበር። ዕድሩ ቤት ሊሠራላቸው ዳጉዋ ጠራ፤ ዳጉዋ ማለት እዚያ አገር ደቦ ነው። እያንዳንዱ አባል አንዳንድ ሸክም ሳር እንዲያመጣ ተወሰነ። የመንግሥትን ሳር የማምጣት ኃላፊነት የእኔ ነበር። ረሳሁት አልልም፤ በቅሎዋ በላችው። ከእኔ ጋር የነበራትን ነገር ነግሬያችኋለሁ።

እንግዲህ በዚያው ቀን ከጠቅላይ ግዛቱ ተቆጣጣሪ መጣ። ማስታወቂያ ሳይልክ፣ በላንድሮቨር። ቢሯችን ሲደርስ በሩ ተቆልፏል፣ በሩ ላይም የእኔ ብልህነት ተለጥፏል። አንብቦ፣ ደግሞ አንብቦ፣ ሰው ጠይቆ ወደ ገሱባ መንገድ ነዳ።

እኛ ዘንድ መኪናው ከሩቅ ሲታይ አቶ አንጁሎ እጃቸውን አነሱ። «የመንግሥት ሳር በመኪና መጣ!»

ሕዝቡ እልል አለ። ጎረምሶች ሮጠው የኋላውን በር ከፈቱት። የቤንዚን ጀሪካንና አንድ ሻንጣ ብቻ።

«ሳሩስ?» አሉት ተቆጣጣሪውን።

«የምን ሳር?»

«የድርሻህ ነዋ!»

ተቆጣጣሪው አቶ መኩሪያ ይባላል። ዘንጣፋ፣ ጠጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ክራባቱ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ነው። «አቶ ባልታ የታሉ?» ብሎ ጮኸ። ወደ ላይ ጠቆምኩት። የሕዝብ እርዳታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለው፣ ገመድ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ሳር ያስሩ ነበር።

ወረዱ። ተቆጣጣሪው የሰማውን ሁሉ አንድ ባንድ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም አንዱንም አልካዱም።

«ደንቡ ረዳት የሌለው ነው የሚለው። ይኼ ሁሉ ሕዝብ ሳር ተሸክሞ የመጣላት ሴትዮ ረዳት የላትም?»

«አላት።»

«ታዲያ?»

«አንዱ እኛ ነን።»

ተቆጣጣሪው ፊቱ ቀላ። «ስማኝ አቶ ባልታ። ወይ አሁን በሕዝቡ ፊት ሰው የለኝም ትበል፤ ያን ጊዜ ያለፈውም ይታለፋል። ወይ እርዳታው ዛሬ ይቆማል፤ አንተም የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ታስረክባለህ። ምረጥ።»

ጋሽ ባልታን ጎተት አድርጌ በጆሯቸው አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ አንድ ቃል እኮ ናት። አዮ ይበሏትና እንገላገል።»

«አንተ እናትህን ክደህ ብርድ ልብስ ትቀበላለህ?»

«እንደ ብርዱ ነው» አልኩ።

ትከሻቸው አልተንቀሳቀሰም። ቀልዴ መሬት ላይ ወድቆ የቀረው ያኔ ብቻ ነው። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ፤ ቆሎ አብሮ ተበተነ። ለተቆጣጣሪውም «እኔ አልጠይቃትም። ከፈለግህ አንተው ጠይቃት» አሉት።

ጠየቀ፤ እኔ አስተረጎምኩ። አዮ ዳሞቴ እንሰት ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። የራሳቸው ዱቄት፣ የጋሽ ባልታ እንጀራ፣ ሁሉም በእሳቸው አፍ ላይ ተንጠልጥሏል።

«የዚህ ሰው ድምፅ የራበው ሰው ድምፅ ነው» አሉ መጀመሪያ። «ያልበላ ሰው ለምን ታናግሩታላችሁ?» ከዚያ ቀና አሉ። «ሰው አለኝ። ልቁጠር ካለ እስኪመሽ ይቁጠር። አንዱ ይኼ መንግሥት የምትሉት ነው። ሰነፍ ነው፤ ሳሩን እንኳ አላመጣም። ግን የእኔ ነው። ሰነፍ ነው ብዬ አልክደውም።»

እኔ ሳስተረጉም «ሰነፍ» የምትለዋን ዋጥኳት። አቶ አንጁሎ ግን «ሰነፍ ብላለች፤ አስተርጓሚው ዘለላት» ብለው በጥሩ አማርኛ አስተካከሉ።

«እንግዲያው» አለ ተቆጣጣሪው ቁልፉን ከጋሽ ባልታ እጅ እየተቀበለ፣ «ይህ ጽሕፈት ቤት ከዛሬ ጀምሮ ከዕድሩ ወጥቷል።»

ይህን ስነግራቸው መጥረቢያው ሁሉ ቆመ። አቶ አንጁሎ ዱላቸውን ተክለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ሕዝቡ በሙሉ ተቀመጠ። የላንድሮቨሩ ሾፌርም፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ተቀመጠ።

«ይቀመጡ ጌታዬ» አሉ አቶ አንጁሎ።

«ለምን?»

«ሰው ከዕድር የሚወጣው ሲበደል ነው። ስሙን ይጥሩልን፣ እናስታርቃለን። ከእኛ ዕድር ሳይታረቅ የወጣ ሰው የለም። እስኪታረቅም አንነሳም።»

«እኔን ማንም አልበደለኝም!»

«እርስዎን አላልንም። መንግሥትን ማን በደለው?»

ተቆጣጣሪው ዙሪያውን አየ። ከሱና ከእኛ ከሁለታችን በቀር የቆመ ጣሪያው ብቻ ነበር። ጋሽ ባልታ ሄደው ከእሱ እግር ሥር ቁጢጥ አሉና «እኔ በመንግሥት ወገን ነኝ፤ ክራባቱ፣ ና እዚህ ተቀመጥ» አሉኝ። በዳይና ተበዳይ ሆነን ተደረደርን፤ ተበዳዮቹ እኛ ነን።

«ደንቡ...» ብሎ ጀመረ ተቆጣጣሪው።

«ደንቡ ነው የበደለው?» አሉ አቶ አንጁሎ። «ጥሩት ይምጣ።»

ሰውዬው ላንድሮቨሩን አየ፣ ሾፌሩን አየ፣ ተቀመጠ። ለዳጉዋው የተቀቀለው ቦይና ቀረበ፤ ታራቂዎች ከአንድ ገበታ ይበላሉና ከአዮ ዳሞቴ ጋር አንድ ላይ አቀረቡለት። አጠገቡ ዳታ አለ። ዳታን ለማያውቅ ሰው እንዴት ልንገራችሁ? አረንጓዴ ነው፣ የዋህ ይመስላል፣ ከቃሪያና ከቅመም ይፈጫል። የሶዶ ሰው በጣቱ ጫፍ ይነካዋል። ተቆጣጣሪው ከሌሊት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም፤ አሮጊቷ ልክ ነበሩ። ትልቁን ቦይና አንሥቶ ዳታውን እንደ ጎመን ዛቀበት።

አንድ ጊዜ አኘከና መንጋጋው ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ጉንጩ ላይ ፈሰሰ፣ አፍንጫው ተከተለ።

«አለቀሰ!» አለች ውሃ የምታመጣዋ ጎረቤት።

«መንግሥት አለቀሰ! ታረቀ!» አለ ሕዝቡ። እልልታው ቀለጠ። ዳታ እንደሆነ የማያውቅ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ማንም ግን አልተናገረም። ተቆጣጣሪው ማስተባበል ፈልጎ አፉን ሲከፍት ነፋስ ገባበትና ባሰበት። አዮ ዳሞቴ ፊቱን እየዳሰሱ በነጠላቸው ጫፍ እንባውን ጠረጉለት። «አይዞህ፣ እኛም ተበድለን እናውቃለን» አሉት። ጋሽ ባልታ ፊታቸውን በኮታቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

እርጎ ሰጡት። ትንፋሹ ሲመለስ መሬት ላይ የወደቀችውን የድሮ ምሰሶ አየ።

«ይህን ቤት ምን ጣለው?» አለ በተቃጠለ ድምፅ።

«ነፋስ» አሉ ጋሽ ባልታ።

«ነፋስ? ታዲያ ለምንድን ነው ረዳት የሌላቸው ክፍል ያስገባሃት? ደንቡ ውስጥ አደጋ የደረሰባቸው የሚል ክፍል አለ አይደል? እዚያ እኮ ሰው አለሽ ወይ አይባልም! ነፍሶ ነበር ወይ፣ ነው የሚባለው።»

ጋሽ ባልታ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ያለ ቆሎና ያለ መዝሙር ተከፍቶ ያየሁት ያን ቀን ነው። ይህን ክፍል አያውቁም ነበር ወይስ ያቺ ጥያቄ በሰው ፊት ስትሞት ማየት ፈልገው ነው? ብዙ ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ቆሎ ነበር የሚዘግኑልኝ።

«ዕድሩስ?» አሉት አቶ አንጁሎ።

ተቆጣጣሪው ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «ልውጣ ብል ልታስታርቁኝ ነው። እኔ ያንን ነገር ሁለተኛ አልቀምስም። ይቆይ።» ቁልፉን ለጋሽ ባልታ መለሰላቸው። መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ጠቆመ። «አንተ! ያንን ማስታወቂያ ከበሩ ላይ አንሣ።»

ከዚያ ወዲህ በወላይታ ነፋስ በዛ። በገሱባ ነፈሰ፣ በበዴሳ ነፈሰ፣ ቢጠና ላይማ መቆሚያም አልነበረውም። ጋሽ ባልታ ሳይነፍስ ነፈሰ አይሉም ነበር፤ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ውሃ ጠጥተው፣ በሩ ላይ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ወደ ላይ ያነሣሉ። የትኛው የድሃ ቤት ነው ነፋስ የማይገባው? «ነፍሷል፣ ምታ» ይሉኛል፤ እመታለሁ። በየሰፈሩ ያሉ ዕድሮችም መንግሥትን አስገቡት፤ እኔም በሦስት ወረዳ የታወቅኩ መጥፎ መቃብር ቆፋሪ ሆንኩ።

አዮ ዳሞቴ አዲሱ ቤታቸው ውስጥ ብዙ ዘመን ኖሩ። የሞቱ ቀን ሰዉ ከየአቅጣጫው መጣ። አቶ አንጁሎ ዱላቸውን ተክለው «የሟች ሰዎች ወደፊት ቅረቡ» ሲሉ ጎረቤቶች ሁሉ ተነሥተው ፊት ለፊት ያለው ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ባልታም ተነሡ፤ በእጄ ጎትተውኝ መሐላቸው አስቀመጡኝ። ለቀስተኛው እየተሰለፈ እያለፈ እጃችንን ይይዛል። እኔ ለሥራ ነው የመጣሁት ብዬ ነበር፤ ፊቴ ግን ምን ነክቶት እንደሆነ አላውቅም፣ ረጥቧል። ዳታም አልነበረም።

ከበዴሳ በኩል የመጡ አንድ የማያውቁኝ ሽማግሌ ፊቴ ቆሙ። ክራባቴን አዩና ግራ ገባቸው።

«ልጄ፣ አንተ ምኗ ነህ?»

ክራባቴን አስተካከልኩ። «መንግሥት ነኝ» አልኳቸው።

ጋሽ ባልታ ጎኔን በክርናቸው ነረቱኝ።

«ተዉት፣ ሐዘኑ አደናግሮት ነው» አሏቸው ለሽማግሌው። «ከሰዎቿ አንዱ ነው።»